ሐጅ ዩሱፍን በየሰፈሩ ቁጠሩልን

ለካርቱም ስቴት ጤና ሚኒስቴር
ለሸርቅ አልኒል አካባቢ የጤና አስተዳደር
በግልባጭ፦ በሐጅ ዩሱፍ ለምንኖር ሐበሾች ሁሉ

ጉዳዩ፦ የሰፈራችን የጤና መረጃ በየሳምንቱ እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፤ የዐረብኛ ትርጉሙም ለእናንተ ይደርሳል። በሁለቱም ቋንቋ እንዲነበብ የፈለግሁት ጉዳዩ የእናንተም የእኛም ስለሆነ ነው። እናንተን የምጠይቀውን የሰፈሬ ሰው በራሱ ቋንቋ ይስማው፤ የሰፈሬን ሰው የምለምነውንም እናንተ ስሙት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ስለ ካርቱም ስቴት በጥቅሉ የሚነገረውን የበሽታ ቁጥር በየሰፈሩ ዘርዝራችሁ፣ በየሳምንቱ፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ንገሩን። ስትቆጥሩም የመኖሪያ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ቁጠሩ።

ሐጅ ዩሱፍ ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለአማርኛ አንባቢዬ ግን ጥቂት ልበል። ከናይል ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ከባህሪ (ከሰሜን ካርቱም) ጀርባ የተዘረጋ ሰፊ መንደር ነው። ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከደቡብ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሰው እየመጣ የሰፈረበት ነው። ሱቅ ሲታ የሚባለው ትልቁ ገበያ እዚያ ነው፤ የኑባዎች የትግል ግጥሚያ የሚታየውም እዚያው ነው። እኛም ከደርግ ዘመን ጀምሮ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል እየመጣን ከእነሱ ጋር ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ጦርነቱ ከጀመረበት ከኤፕሪል 2023 አንስቶ እስከ ማርች 2025 ድረስ ሰፈሩ ሠራዊቱን በሚወጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (RSF) እጅ ነበር። መሄጃ ያለው ሄደ። መሄጃ የሌለው ቀረ፤ ከቀረው ሰው መሐል ሐበሻው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ።

በሜይ 2025 አጋማሽ ድሮኖች ኡምዱርማን ያሉትን የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች መቱ። መብራት ሲጠፋ የውሃ ማጣሪያዎቹ ቆሙ፤ ሰው ባልዲውን ይዞ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ወረደ። ዩኒሴፍ ባወጣው መረጃ መሠረት ከሜይ 15 እስከ ሜይ 25 ባሉት ቀናት ውስጥ በስቴቱ በቀን የሚመዘገበው የኮሌራ ታማሚ ከ90 ወደ 815 አሻቀበ። ከዓመቱ መጀመሪያ እስከዚያው ሜይ 25 ድረስ ወደ 7,700 ሰው ታመመ፣ 185 ሰው ሞተ። ከታመሙት ውስጥ ከ1,000 የሚበልጡት 4 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

ይህን በሬዲዮ ሰምተን «ወይ ጉድ» ብለን አለፍነው። እኔ ግን ቁጥሩን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ ሁለት ነገር ይናገራል።

የመጀመሪያው ስለ ሞቱት ነው። ከ7,700 ታማሚ 185 ሰው ሞተ ማለት ከ100 ሰው ከ2 በላይ ሞተ ማለት ነው። ኮሌራ ሳይታከም ሲቀር ከጠናበት ሰው ግማሹን ሊገድል የሚችል በሽታ ነው፤ በጊዜው ከታከመ ግን ከ100 ሰው አንድ እንኳ መሞት የለበትም። መድኃኒቱም የተራቀቀ አይደለም፤ አብዛኛውን ታማሚ የሚያድነው ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ ለጠናበት ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ሪንገር ላክቴት የሚባል ፈሳሽ። ስለዚህ የሞት መጠኑ ከአንድ በመቶ ሲያልፍ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሰው ወደ ሕክምና የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሁሉም በጊዜው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ከ100 የሚበልጡት ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር። እነዚህ 100 ሰዎች ከየት ሰፈር ዘግይተው መጡ? ከአልዊህዳ ነው? ከሺግላ ነው? አልባን ጀዲድ ሆስፒታል በር አጠገብ እየኖሩ ነው የዘገዩት ወይስ መጓጓዣ አጥተው? የስቴቱ ድምር ይህን አይመልስም። ሰፈሩ ቢታወቅ ግን ምን መደረግ እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል፤ አንዱ ሰፈር የሚጎድለው ራክሻ (ባጃጅ) ነው፣ ሌላው የሚጎድለው በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት ነው፣ ሌላው ደግሞ የሚጎድለው «ግቡ፣ ማንም አይነካችሁም» የሚለው ቃል ነው። ወደዚህ የመጨረሻ ነገር እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው። የኮሌራ ተሐዋሲ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በሽታው ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። መብራት በጠፋበት ዕለትና ሆስፒታሉ በሞላበት ዕለት መካከል ጥቂት ቀናት ነበሩ ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት በየውሃ መቅጃው ክሎሪን ማዳረስ ይቻል ነበር፤ «ውሃችሁን አፍሉ» ብሎ በመስጊድ ድምፅ ማጉያ መለፈፍ ይቻል ነበር። የበሽታን አካሄድ መከታተል ማለት የታመመን ቆጥሮ መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ አይደለም። ታማሚው ከመምጣቱ በፊት የሚመጡ ምልክቶች አሉ። በሐጅ ዩሱፍ የመጀመሪያው ምልክት መብራት ነው፤ ቀጥሎ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ካሮ። ስለዚህ መብራትና ውሃ በተቋረጠ ቁጥር ለጤና አስተዳደሩ በዚያው ሰዓት ይነገረው፤ እሱም ለእኛ በዚያው ቀን ይንገረን።

ካሮ ያልኩትን የአዲስ አበባ አንባቢ ላያውቀው ይችላል። አህያ የሚጎትተው ጋሪ ነው፤ በላዩ የብረት በርሚል ተጋድሞበታል፤ ከበርሚሉ ጫፍ የጎማ ቱቦ ይወጣል። የባህሪ የውሃ ጣቢያ በኤፕሪል 2023 ሥራ ሲያቆም በወንዙ ምሥራቅ ያለነው ብዙዎቻችን በካሮና በጉድጓድ ውሃ ላይ ወደቅን። ባለካሮው ቱቦውን ከመሬት ያነሣና ጫፉን በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ጀሪካናችን ውስጥ ይከተዋል። ያንን ቱቦ ከሌላው ሰው ጀሪካን አውጥቶ በመንገዱ ሁሉ እያስጎተተ ነው የመጣው። በርሚሉ ውስጥ ያለው ውሃ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ቱቦው ንጹሕ አይደለም። ከጀሪካኑ ወደ ዚር (የሸክላ ጋን) ይገለበጣል፤ ከዚሩ በአንድ ጣሳ አሥር ሰው ይቀዳል። በየካሮው ባለቤት እጅ ጥቂት የክሎሪን ፍሬ ቢኖር፣ ባለካሮዎቹም በስም ተመዝግበው ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዱ ቢታወቅ ከግማሽ በላይ የሆነው ሥራ በተሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1854 የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ያደረገው ከዚህ የራቀ አልነበረም። የሟቾችን አድራሻ እየተከታተለ ሲሄድ ሞቱ በብሮድ ስትሪት አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተሰብስቦ አገኘው፤ የፓምፑ እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። ስኖው የለንደንን ድምር ብቻ ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ ፓምፑን አያገኘውም ነበር።

ውሃ ሲጠፋ የሚመጣው ኮሌራ ብቻ አይደለም። ቧንቧ በማይታመንበት ሰፈር ሰው ውሃ ያጠራቅማል። ያጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለደንጌ ትንኝ ምቹ መራቢያ ነው። ካርቱም ደንጌን በወረርሽኝ ደረጃ ያወቀችው በ2023 መጀመሪያ፣ ከጦርነቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። በ2025 የኸሪፉ (የክረምቱ) ዝናብ ሲያበቃ ደግሞ ቤት ለቤት ዞረ። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በሌሊት ነው፣ አጎበር ይከላከላታል፤ የደንጌዋ ግን በቀን ስለምትናከስ ጀበና አጠገብ የተቀመጠችውን እህት አጎበር አያድናትም። ሁለቱም «ሁማ» (ትኩሳት) ናቸው፤ ሁለቱም ራስ ያፈርሳሉ፣ አጥንት ይሰብራሉ። ሰፈራችን ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ፋርማሲ ሄዶ ሳይመረመር የወባ መድኃኒት ይገዛል፤ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ይጨምርበታል። ደንጌ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ መድማትን ያባብሳሉ። የሰፈሩ ሳምንታዊ መረጃ ቢኖር ፋርማሲስቱም ሆነ እናት «በዚህ ሳምንት በዚህ መንደር የበዛው ደንጌ ነው» ብለው ያውቁ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ሰው ያድናል።

ይህ ለካርቱም አዲስ ነገር አይደለም። በ1903 በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪ ሲከፈት ዳይሬክተሩ አንድሪው ባልፎር የትንኝ ተቆጣጣሪ ቡድኖችን አደራጅቶ ጉድጓዱንም፣ የውሃ ማጠራቀሚያውንም፣ በወንዙ ላይ የቆሙትን ጀልባዎች ጭምር ያስፈትሽ ነበር፤ ወባም ከከተማዋ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። እርግጥ ያኔ ከሁሉ በፊት የተጠበቀው ገዢዎቹ የሚኖሩበት ከተማ ነው። አሠራሩ ግን አሠራር ነው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚያየው ሰው ነበረው፣ የታየው ሁሉ ይጻፍ ነበር። በ2002ም «ከወባ ነፃ ካርቱም» በሚል ዘመቻ ያ ልማድ እንደገና ተነሥቷል። በኤፕሪል 2023 ግን የብሔራዊው የጤና ላቦራቶሪ በታጣቂዎች ተያዘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ውስጡ ስላሉት የበሽታ ናሙናዎች በይፋ አስጠነቀቀ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ማን በምን እንደሞተ የሚጽፍ አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት የሚወጣን ማንኛውም ትንሽ ቁጥር ስሰማ አልጽናናም። ቁጥር የሚያንሰው በሽታው ሲቀንስ ነው፤ ቆጣሪው ሲሰደድም ነው። የለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በኖቬምበር 2024 ባወጡት ጥናት ከኤፕሪል 2023 እስከ ጁን 2024 ባለው ጊዜ በካርቱም ስቴት ብቻ ከ61,000 በላይ ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ከእነሱ ውስጥ 26,000 ያህሉ በጦርነቱ ጥቃት የሞቱ ናቸው። የቀሩት በበሽታ፣ በረሃብ፣ መድኃኒት በማጣት፣ በወሊድ፣ በእርጅና ነው የሞቱት። ከ10 ሟቾች የ9ኙ ሞት በየትኛውም መዝገብ ላይ እንዳልሰፈረም ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ወረርሽኝ ባይኖር ኖሮ እንኳ ኢንሱሊን ያጣ የስኳር ታማሚ፣ የደም ግፊት ክኒኑ ያለቀበት አዛውንት፣ የኩላሊት እጥበቱ የተቋረጠበት ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ጩኸት የለም፤ የሕክምና ማዕከል አይከፈትላቸውም። የሚታወቁት አንድ ሰው ወር በወር «በዚህ ሰፈር ስንት ሰው ሞተ፣ በምን ሞተ» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

እንዴት ይጠየቃል ለሚለው ከአገሬ አንድ ምሳሌ ላምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የሞት ምዝገባ በሌለበት ዘመን፣ ከ2001 ጀምሮ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ መቃብር ስፍራዎች ሄዱ። በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙም መካነ መቃብር ያሉ ሰዎች የሚቀበረውን ሁሉ ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ ሰፈሩን፣ ቤተሰቡ የሚናገረውን የሞቱን ምክንያት እንዲጽፉ አሠለጠኑ። ከተወሰኑት ሟቾች ቤተሰብ ጋርም ከሐዘኑ በኋላ ተቀምጠው የሕመሙን ሁኔታ ጠየቁ። በዚያ መዝገብ ኤድስ ምን ያህል ጎልማሳ እየቀጠፈ እንደነበር ታየ፤ በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ሞቱ እንዴት እያሽቆለቆለ እንደሄደ በዚያው መዝገብ ታየ። ኮምፒውተር የሞላበት ሕንፃ አላስፈለገም። የመቃብር ጠባቂ፣ ደብተርና የማያቋርጥ ሰው ነው ያስፈለገው።

ይህ እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እኛ ሐበሾች ዕድር አለን፤ የዕድሩ ጸሐፊ ማን መቼ እንደሞተ በደብተሩ ይዟል። ሱዳናዊው ጎረቤቴ ዓዛ (የለቅሶ ድንኳን) ሲጥል ድንኳኑ ውስጥ ያልተነገረ የሕመም ታሪክ አይቀርም። በጦርነቱ ዘመን ምግብ ሲያበስሉና በሽተኛ ሲያመላልሱ የኖሩት፣ የድንገተኛ ምላሽ ክፍሎች ተብለው የተደራጁት የሰፈር ወጣቶች አሉ፤ በ2025 የራፍቶና የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማቶች የተሰጧቸው በከንቱ አይደለም። እያንዳንዱን ቤት ያውቁታል። ለእነሱ አንድ ገጽ ቅጽ ስጧቸው፤ ከወር አንድ ቀን ደብተራቸውን አመሳክሩላቸው።

ሌላም ቆጣሪ አለች፤ ማንም ልብ አይላትም። ሲት ሻይዋ። በየጥላው ሥር ከሰል አቀጣጥላ ቡናና ሻይ የምትሸጠው፣ ብዙ ጊዜ የእኛው እህት። ደንበኞቿን በስምም ባይሆን በመልክ ታውቃለች፤ ጠዋት ሁለት ስኳር የሚለው ባለራክሻ ሦስት ቀን ከቀረ «ምን ሆነ?» ትላለች፤ ማታ ላይ መልሱ ይደርሳታል። ከየትኛው መንገድ ላይ ሰው እየታመመ እንደሆነ ከማንኛውም ቢሮ በፊት የምትሰማው እሷ ናት። ይህች ሴት ብርጭቆዎቿን ከጠዋት እስከ ማታ የምታለቀልቀው በአንድ ሳፋ ውሃ ነው፤ ሌላ ውሃ ለመግዛት የቀኑ ገቢዋ አይበቃም። ክሎሪን ብትሰጧት፣ ምልክቶቹን ብታስተምሯትና የምትደውልበት ቁጥር ቢኖራት ገበያውን ሁሉ ትጠብቅላችኋለች። ዛሬ ግን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲመጣ ከሰሏን ትታ ትሮጣለች።

ምክንያቱ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ነው። ከሻን የማያውቅ ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለም። ኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ) ካለፈ ወይም የስደተኛ ካርድህ ከሌለ መንገድ ላይ ተይዘህ በመኪና ትጫናለህ። ስለ ኢሚግሬሽን ሕጉ ለመከራከር አልመጣሁም፤ እሱ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው። የጤና ጉዳይ የሚሆነው ፍርሃቱ የሕክምና በር ድረስ ሲከተለን ነው። የማውቃት አንዲት እህት፣ የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልናገርም፣ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ሄዳ በር ላይ ወረቀት ስትጠየቅ ተመልሳ መጣች። ጎረቤቶቿ በቤት ውስጥ የስኳርና የጨው ውሃ እያጠጡ አተረፏት። እሷ በእናንተ መዝገብ ላይ የለችም። ብትሞትም በመዝገቡ ላይ አትኖርም ነበር። የተኛችበት ግቢ ግን ሽንት ቤቱን ሰባት ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ከሰባቱ ስድስቱ ሱዳናውያን ናቸው። እኛን ከመዝገብ ማስቀረት ሱዳናዊውን ጎረቤታችንን አይጠቅመውም። ስለዚህ «በሕክምና ቦታ ወረቀት አይጠየቅም፤ የታማሚ ስም ለፖሊስ አይሰጥም» የሚል አንድ ትእዛዝ ይውጣ፤ በዐረብኛ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በስልክ የሚተላለፍ የድምፅ መልእክት ይሁን። ክትባት ሲመጣ ዐረብኛ የማይሰማ ሰው ዜናውን የሚያገኘው ዘመቻው ሲያበቃ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ፤ ከሁሉ በላይ የማስብበት ነው። ሰፈሩን ንገሩን ስል ዜግነቱን አውጁ ማለቴ አይደለም። የታማሚው ቋንቋ በመዝገብ ይያዝ፤ በየትኛው ቋንቋ ማስተማር እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ። ለሕዝብ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ግን «ይህን ያህል ሐበሻ፣ ይህን ያህል ደቡባዊ» የሚል ቃል አይግባ። በሽታ ስም ሲወጣለት መጀመሪያ የሚጠቆመው እንግዳው ነው፤ ስለ ኤድስ ሲወራ በነበረበት ዘመን እህቶቻችን ምን እንደሰሙ እናውቃለን። ጣት የተቀሰረበት ሰው ይደበቃል፤ በሽታውም አብሮት ይደበቃል። አንድ መንደር ውስጥ ታማሚው ሁለትና ሦስት ብቻ ከሆነም ማንነቱ እንዳይታወቅ ከአጎራባቹ መንደር ጋር ተደምሮ ይነገር።

ቁጥር ማውጣት ሰውን ያሸብራል የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። በ2016 እና በ2017 እዚህ አገር በይፋ ይባል የነበረው አጣዳፊ ተቅማጥ እንጂ ኮሌራ አልነበረም። በእኛም አገር በዚያው ዘመን «አተት» ነበር የሚባለው፤ ሁለቱም መንግሥታት ስሙን ከማውጣት ተቆጥበዋል። ሕዝቡ ግን እየቀበረ ያውቅ ነበር። ስሙን መደበቁ ሽብሩን አላስቀረውም፤ ያስቀረው ክሎሪኑን ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ መለወጡን መመስከር አለብኝ። በሴፕቴምበር 2019፣ በሴፕቴምበር 2023 ገዳሪፍ ላይ፣ በኦገስት 2024ም እንደገና ኮሌራ በስሙ ታውጇል። ለዚህ ምስጋና ይገባችኋል። ገዳሪፍና መተማ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ የአንዱ ሳምንታዊ ቁጥር ለሌላው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በ2023 በሁለቱም በኩል ኮሌራ ነበር፣ በመተማ አቅራቢያ ባሉት የስደተኛ መጠለያዎች ጭምር። ከዚህ ሸሽቶ ወደዚያ የሄደውም፣ ከዚያ ሸሽቶ ወደዚህ የመጣውም የእኛው ሰው ነው። በስሙ ማወጅ ተችሏልና ቀጣዩ እርምጃ በሰፈሩ መናገር ነው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ለሐጅ ዩሱፍ ሐበሾች። መንግሥትን ስንጠይቅ እኛም የምንሰጠው አለ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቤታችሁ ሰው ሲታመም አትደብቁ። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሩዝ ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ከያዘው ወረቀት ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም ወደ ሕክምና ይዛችሁት ተነሡ፤ እስክትደርሱ ድረስ አጠጡት። ዱቄቱ ከሌለ አንድ ሊትር የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ጨው እንዳይበዛ። ጡት የሚጠባ ልጅ መጥባቱን አያቁም። ትኩሳት ሲሆን ሳትመረመሩ የወባ መድኃኒት አትዋጡ፤ እስክትመረመሩ ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ድድ ከደማ ወይም ሆድ አጥብቆ ከታመመ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አትደሩ። በርሚላችሁን ክደኑ፤ በሳምንት አንድ ቀን ግድግዳውን ፈግፍጉት፣ የትንኟ እንቁላል የሚጣበቀው እዚያ ነው። የዕድር ጸሐፊዎች ሆይ፣ ከሟቹ ስምና ቀን አጠገብ ዕድሜውን፣ መንደሩንና ቤተሰቡ የሚናገረውን ሕመም ጨምሩ። ያንን ደብተር ማንም እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ጊዜው ሲመጣ ማስረጃችን እሱ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ የጠየቅሁት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ታማሚን የሚመዘግበው ባለሙያ «ሸርቅ አልኒል» ብሎ ከሚተው ይልቅ መንደሩንና ብሎኩን ይጻፍ። አርብ አርብ አንድ ገጽ ወረቀት ይታተም፤ በሳምንቱ በየመንደሩ ስንት ሰው በኮሌራ፣ በደንጌ፣ በወባ ታመመ፣ ስንቱ ሞተ፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ሲተያይ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ሳይዘግብ ቀረ። የመጨረሻውን መስመር አትርሱብኝ፤ ያልዘገበ ጣቢያ «ዜሮ» ተብሎ እንዳይታለፍ። ወረቀቱ በሱቅ ሲታ መግቢያ፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በየውሃ መቅጃው ይለጠፍ።

አማርኛውን፣ ትግርኛውንና ኦሮምኛውን ያለ ክፍያ የሚተረጉሙላችሁ ሰዎች ከመካከላችን ይገኛሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ኸሪፉ በጁን ይገባል። የመጀመሪያው ወረቀት ከዚያ በፊት እንዲለጠፍልን እንጠይቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ ሐበሻ